ከትራክተሩ ግንባር የወረደው ስም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ብረት አልነካሁም፣ እሳት አልጫርኩም። አዲሱ ሰማያዊ ቱታዬ ላይ ያረፈው ነገር ቢኖር የማሽላ አገዳ ብናኝ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ክረምት ከደብረ ታቦር መተማ በሳሉግነት ወርጃለሁ። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። በአራተኛው ዓመት ማጭዱን ጣልኩና ጎንደር ብየዳ ተማርኩ። ወረቀቴን እንደያዝኩ ገንዳ ውኃ ከተማ ገብቼ ከአያ እንዳለው ጋራዥ ደጅ ላይ ቆምኩ። አያ እንዳለው በቆላው ሁሉ በትራክተር ብረት ሥራ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ አጣጥፈው መለሱልኝ፣ ከዚያ መኪናው ላይ ውጣ አሉኝ።

የወሰዱኝ ከኮኪት ወዲያ ወዳለ የማሽላ ማሳ ነው። አንድ ትልቅ ትራክተር እያረሰ ነበር። ባለቤቱ የግንባር መከላከያ እንዲሠራለት አዞ ኖሯል። አያ እንዳለው ጀሪካን ገልብጠው ከግራር ጥላ ሥር አኖሩልኝ፣ ውኃና ዳቦ ሰጡኝ፣ ይኼን ትራክተር እስከ ማታ እይልኝ ብለው ሄዱ። እኔማ አላገጡብኝ አልኩ።

ማታ ሲመለሱ ምን አየህ ብለው ጠየቁኝ። ሲያርስ አየሁ አልኳቸው። ሳቅ አሉና፣ እንግዲያ ነገም ትመለሳለህ አሉኝ።

በማግሥቱ ንዴቴ ወጥቶልኝ ይሁን ሰልችቶኝ እንጃ፣ ማየት ጀመርኩ። ነጂው በየሁለት ዙሩ እየወረደ የትራክተሩን ግንባር በጨርቅ ይጠርጋል። ወደ ግራ ሲዞር በፊት ጎማውና በሻንሲው መካከል የሚቀረው አራት ጣት አይሞላም። ቅርንጫፍ የሚመታው ሁልጊዜ የቀኙን መብራት ነው፣ ምክንያቱም ነጂው የማሳውን ዳር ዛፎች በቀኙ ይዞ ነው የሚዞር። ማታ ይኼን ሁሉ ስነግራቸው አያ እንዳለው ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጡኝ።

"በል፣ አሁን መለካት ትችላለህ" አሉኝ።

እዚያ ጋራዥ ሁለት ዓመት ረዳት፣ አራት ዓመት በያጅ ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ ዋና በያጅ ተባልኩ። ዋና በያጅ ማለት አያ እንዳለው በሌሉበት ሥራ የሚቀበልና የሚያስረክብ ሰው ማለት ነው። ለሥራ ያልሄድንበት የለም። አብርሃ ጅራ፣ ሳንጃ፣ ገለጉ ድረስ ጀነሬተሩን በጭነት መኪና ጭነን ሄደናል። የገለጉን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከመኪናው ላይ ከተቀመጥክበት ጊዜ ከኋላው የገፋህበት ይበልጣል።

የአያ እንዳለው ደንብ ብዙ አይደለም፣ ግን ቀልድ አያውቅም። ትራክተር ላይ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ገመድ ፍታ። የማሽኑን የራሱን ብረት አትብሳ፣ ፋብሪካው የተወልህን ቀዳዳ ፈልግ። ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ሮንዴላ የሚባለው ቀለበት ይግባ። ሥራህን ከጨረስክ በኋላ የሚከፈተውን ሁሉ ክፈት፣ የሚዘጋውን ሁሉ ዝጋ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ማሳው ድረስ ሄደህ ማሽኑ ሲሠራ ተቀምጠህ እይ። ጀሪካኑ ከመኪናቸው ወርዶ አያውቅም ነበር።

ለማያውቀው ሰው ስለ ግንባር መከላከያ ትንሽ ልበል። በእኛ ቆላ ማሳ ማለት በቅርቡ የተመነጠረ ጫካ ነው። ዛፉ ይቆረጣል፣ ጉቶው ይቀራል፣ ሣር ይሸፍነዋል። ትልቁ ትራክተር ግንባሩ ከፍ ያለና ብረት ስለ ሆነ ብዙውን ይችለዋል። አሁን አሁን የመጡት ትናንሾቹ ትራክተሮች ግን ፊታቸው ፕላስቲክ ነው፣ ራዲያተራቸውም ዝቅ ብሎ ከፕላስቲኩ ጀርባ አንድ ስንዝር ላይ ነው የተቀመጠ። አንድ ደረቅ የግራር ጉቶ ካገኘው በቃ፣ ውኃው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት የብረት ፍርግርግ ይገጠምለታል።

አንድ ዓመት ግንቦት ሲያልቅ አያ እንዳለው ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ይዞት ለሕክምና ጎንደር ሄዱ። ሁለት ሳምንት ይቆያሉ ተባለ። የጋራዡን ቁልፍ ሲሰጡኝ ምንም ምክር አልጨመሩም፣ ደንቡን ታውቀዋለህ ብቻ አሉኝ። እኔም ጉራ የምጠላ ሰው አይደለሁምና ቁልፉን ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት።

እሳቸው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሙሉነሽ መጣች። ሲስተር ሙሉነሽን መተማ ውስጥ የማያውቃት የለም። በጤና ጣቢያ ነርስነት ብዙ ዓመት አገልግላ ጡረታ የወጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ግማሹ የከተማ ልጅ የተወለደው በእጇ ነው። አንቱ ስንላት ትቆጣለች፣ ገና አላረጀሁም ትለናለች። ትንሹን ትራክተሯን በጭነት መኪና አስጭና ነው የመጣች።

ትራክተሩ ግንባሩ ተሰብሯል። ባለፈው ሳምንት ማሳ ስትመነጥር ጉቶ አግኝቷት ፕላስቲኩን አልፎ ራዲያተሩን ወግቶታል። ማን ነው የሚነዳው ብዬ ስጠይቃት፣ እኔ ነኛ አለችኝ። ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ ነው መንዳት የተማረች። ራዲያተሩን ጎንደር ልካ አስበይዳዋለች፣ አሁን የሚቀረው መከላከያው ነው።

ነገሯን ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ባሏ ካሳሁን ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለቅሶ ላይ ነበረች፣ በሁለተኛው ራሷ ታመመች፣ መሬቱ ሁለቱንም ክረምት ጦም አደረ። የካሳሁን ወንድሞች መሬት ወንድ ይፈልጋል ብለው ለእኛ ይመለስ አሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ አንድ ነገር ወሰነ፤ ዘንድሮን ትሞክር፣ ዘንድሮም ካልዘራች መሬቱን ወንድሞቹ ይረከቡ። እሷም እሺ ብላ ፈርማለች። የእኛ መሬት ደግሞ ጥቁር ነው፣ ዝናቡ አንዴ ከጠና ትራክተር ይውጣል እንጂ አያስገባም። ስለዚህ ሰሊጧን ለመዝራት ያላት ጊዜ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

መከላከያውን ይዛው መጥታለች። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ገዝቶ የላከላት፣ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሁለት ቋሚ፣ ሦስት አግዳሚ ቱቦ፣ ከሥሩ በሁለት ማጠፊያ የተያዘና ወደ ፊት የሚተኛ። ያየሁት ሁሉ ደስ አለኝ። ችግሩ ለሌላ ዓይነት ትራክተር የተሠራ መሆኑ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ከዚህኛው ቀዳዳዎች ሁለት ጣት ያህል ይዛነፋሉ።

ሲስተር ያን ቀን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አያ እንዳለው መጀመሪያ ማሳው ድረስ ሄደው ያያሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አንተስ አታይም ወይ አለችኝ። መልሴን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

"ሲስተር፣ እኔ ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ" አልኳት። "ትራክተር ሲያርስ ማየት ጠግቤያለሁ።"

ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። ማሳዋ ሩቅ ነው፣ ነዳጅ አይገኝም፣ ደመናው በምሥራቅ በኩል ይሰበሰባል። ቀኗን ላለማባከን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ምን ይቸግረዋል!

ሥራውን ክፉ አልሠራሁም፣ ይኼንን መናገር አለብኝ። የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። የትራክተሩ ግንባር ላይ ፋብሪካው ለክብደት መስቀያ የተዋቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ። ከወፍራም ላሜራ ሁለት ማገናኛ ቆርጬ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ በአንድ በኩል ለትራክተሩ፣ በሌላ በኩል ለመከላከያው በሳኋቸው። ብሎኑ ሮንዴላው ሁሉ በሥርዓቱ ገባ። መከላከያው ሲቆም ከውኃ ልኩ ፍንክች አላለም። ወደ ፊት ሲተኛ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ፣ በሙሉ ተነሣ፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ወንፊትም እንደ መሳቢያ በጎን ወጣ።

ከዚያ ትራክተሩን አስነሥቼ ግቢ ውስጥ ነዳሁት። ማጠፊያዎቹ ተንቀጫቀጩ። እኛ ቆለኞች ብረት ሲንቀጫቀጭ አንወድም፣ ያልጠበቀ ሥራ ይመስለናል። ከሱዳን በኩል የሚመጡት የጭነት መኪኖች መከላከያ እኮ ድርቅ ያለ ነው፣ ቢመቱት ዝም ነው። ይኼ መታጠፊያ ደካማ ጎኑ ነው አልኩና ሁለቱንም ማጠፊያ በኤሌክትሮድ ዙሪያውን በየድኩት። መንቀጫቀጩ ቆመ። የሚከፈተውን ሁሉ እንደገና መክፈት ግን አልሞከርኩም።

ቀጥሎ ያደረግኩት ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝ ነው። በእኛ አገር መኪናም ይሁን ትራክተር ግንባሩ ላይ ስም ይጻፍበታል፣ የልጅ ስም፣ የእናት ስም፣ የመልአክ ስም። እኔ ከላሜራ ላይ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ስንዝር የሚሆን "ካሳሁን" የሚል ስም በሴጌቶ መጋዝ ቆረጥኩ። ፊደላቱን እንደ መሶብ ክዳን በሰፋ ላሜራ ላይ ደርቤ፣ ቢጫ ቀብቼ፣ በመካከለኛውና በላይኛው አግዳሚ መካከል በየድኩት። ለዚህ ብቻ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ።

ሲስተር ልትረከብ ስትመጣ ስሙን አየችው። እጇን ዘርግታ ፊደላቱን አንድ በአንድ ነካቻቸውና አለቀሰች። የጋራዡ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። እኔ ያን ቀን ከጣሪያው በላይ ረጅም ነበርኩ።

አያ እንዳለው በአንድ ዓይናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ለጥፈው ከጎንደር የተመለሱት ከሳምንት በኋላ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር ሙሉነሽ ትራክተሯን ማሳ ላይ ትታ በባጃጅ መጣች። አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣችና አያ እንዳለው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ብረት መያዣው ሞርሳ ጋ ቆሜ ብሎን እቆርጥ ነበር።

ደብተሩ ላይ የትራክተሩን ሙቀት ጽፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ትኩሳት ስትመዘግብ የኖረች ሴት፣ ማሽኑንም እንደዚያው ስትከታተለው ሰንብታለች። በሰዓቱ እያነበበች ነገረችን፣ አያ እንዳለውም አንድ ቁራጭ ጎማ በቢላዋ እየቆረጡ ይሰሙ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ደህና። ሁለት ተኩል ላይ ከመሃል አለፈ። ሦስት ሰዓት ቀዩ ጋ ደረሰ፣ አቆመችው፣ እስኪበርድ ጠበቀች። አራት ሰዓት እንደገና። አምስት ሰዓት ላይ ውኃው ፈላ። በቀን የምታርሰው ማረስ ካለባት ከአራት እጅ አንዱን እጅ ብቻ ነው። ዝናቡ እስኪጠና የቀሯትን ቀኖች ቆጥራለች፣ በዚህ አካሄድ መሬቱ አያልቅም።

"በሽተኛዬ ትንፋሽ አጥሮታል፣ አያ እንዳለው" አለች።

አያ እንዳለው ወደ እኔ ዞሩ። በደህናው ዓይናቸው አዩኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ደጀኔ፣ ማሳው ድረስ ሄደህ አይተሃል?"

"አላየሁም" አልኩ።

ስድብ ጠበቅሁ፣ ቁልፉን መልስ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ሲስተር ተመለሱና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከእኔ ደጅ የወጣ ሥራ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አሏት። እኔን ምንም አላሉኝም። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ተነሣን። እኔ ግራይንደሩን፣ የብየዳ ማሽኑንና ትንሹን ጀነሬተር መኪናው ላይ ጫንኩ። አያ እንዳለው አዩና አውርደው አሉኝ። ጊዜ የለንም እኮ አልኳቸው። ጊዜ የሌለን ስላላየህ ነው አሉኝ። ጀሪካኑን ብቻ ይዘን፣ ሲስተርን ከፊት አስቀምጠን ሄድን።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን አየን፣ እሳቸው ጀሪካኑ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ሲስተር ማረስ ጀመረች። ሁለት ዓመት ጦም ያደረ መሬት ስለ ሆነ ደረቁ ሣር ወገብ ይደርሳል። ትራክተሩ ሲገባበት ብናኙ፣ ገለባውና የሣሩ ፍሬ እንደ ጭጋግ ይነሣል፣ የሞተሩ ቬንትሌተር ደግሞ ሁሉንም ወደ ራሱ ይስበዋል። የእኔ ቢጫ ላሜራ ግማሹን መተንፈሻ ዘግቶታል። በቀረው ግማሽ የሚገባው ገለባ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ስሙ ሥር ይጠቀጠቃል። ይኼንን ለማየት ሰፊ ዕውቀት አይጠይቅም፣ እዚያ መቀመጥ ብቻ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቆመች። ወርዳ ኮፈኑን ለማንሣት ሞከረች። አንድ ስንዝር ተነሣና የበየድኩት መከላከያ ያዘው። ኮፈኑ በሙሉ ካልተነሣ ደግሞ ወንፊቱ ሊወጣ አይችልም። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፣ ክንዷን በአግዳሚዎቹ መካከል እስከ ብብቷ አስገብታ ገለባውን በጣቶቿ ትለቅም ጀመር። ስታወጣው ክንዷን አየሁት። ከክርኗ ጀምሮ እስከ ላይ በብረቱ ጠርዝ ተቧጭሯል፣ አንዳንዱ ቁስል የደረቀ፣ አንዳንዱ ትኩስ ነው። ጋራዥ ስትመጣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ዘግታ ነበር የመጣች።

አፈርኩ። ሌላ የምለው የለኝም። የሰው ክንድ የሚቧጭር ብረት ሠርቼ ሰው ሰብስቤ አስደንቄያለሁ። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፣ አያ እንዳለውም እንዳላዩ ሆኑ።

መፍትሔው ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ማጠፊያው ይፈታ፣ ላሜራው ይነሣ። ግን ላሜራው ስም ነው። ለሲስተር የባልሽ ስም ይነሣ ለማለት የሁለታችንም አፍ አልታዘዘም። አያ እንዳለው የዓይናቸውን ጨርቅ ነካኩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስለ ደመናው ጠየቋት። ሲስተር ሐሳባቸውን ያወቀችው እኛ ሳንነግራት ነው።

"ካሳሁን በሕይወቱ የማንንም መንገድ ዘግቶ አያውቅም" አለች። "አንሡት።"

ወደ ገንዳ ውኃ በርሬ ሄጄ ዕቃውን ጭኜ ስመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ባትሪውን ፈታሁ። ከራዲያተሩ ፊት እርጥብ ጆንያ ጋረድኩ፣ ከደረቁ ሣር ላይ ደግሞ ውኃ አርከፈከፍኩ፣ በዚያ ሣር መካከል አንዲት ብልጭታ ምን እንደምታደርግ የቆላ ሰው ያውቃል። መጀመሪያ የማጠፊያዎቹን ብየዳ በግራይንደር ቆረጥኩ። ቀጥዬ ላሜራውን በየድኩበት ቦታ ሁሉ ቆረጥኩት። ፊደል እንዳይጎዳ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የነካሁት። ሲለቅ አያ እንዳለው ከሥር ሆነው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ጨርቅ ላይ አስተኙት።

መንቀጫቀጡንስ ምን እናድርገው አልኳቸው። አያ እንዳለው ከኪሳቸው ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ የተቆረጡ ሁለት ቀለበቶች አወጡ። ጠዋት ሲስተር ደብተሯን ስታነብ እሳቸው በቢላዋ ሲቆርጡ የነበረው ለካ ይኼን ነው! ገና ማሳውን ሳናይ፣ ከደብተሩ ሙቀት ብቻ፣ ማጠፊያውን እንደበየድኩት አውቀዋል። ጎማውን በማጠፊያው መካከል አስገባን፣ መከላከያውን አቁሞ በሚይዘው ብሎን ፋንታ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚወጣ ዘንግ አደረግን፣ ጫፉን በኮፒሊያ ሽቦ ያዝነው። ትራክተሩ ሲነሣ ድምፅ የለም።

ሲስተር ራሷ ትክፈተው አሉ አያ እንዳለው። በአንድ እጇ ሽቦውን ሳበች፣ ዘንጉን አወጣች፣ መከላከያውን አስተኛች፣ ኮፈኑን አነሣች፣ ወንፊቱን ስባ አራገፈች፣ መለሰች። አንዴ በቃ ስንላት እሺ አላለችም፣ አሥር ጊዜ ደጋገመችው። ዓይኗን ጨፍና ሁሉ ሠራችው። መርፌ መውጋት የተማረችው እንደዚህ መሆን አለበት። እኔ ከብዙ ነጂ ጋር ሠርቻለሁ፣ ማሽኑን እንደዚያ ያጠና ሰው አላየሁም።

በዚያው ማታ ጥቂት አረሰች። ስንሄድ መርፌው መሃል ላይ ነበር።

ሌላው የሆነው በስልክ የሰማሁት ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ጉቶ መታኝ አለች። የታችኛው አግዳሚ ወደ ውስጥ ጎብጧል፣ ራዲያተሩ አልተነካም፣ ውኃ አልፈሰሰም፣ ሙቀቱ ደህና ነው አለችና ዘጋች። ልክ በሽተኛ ለሐኪም እንደምታስረክብ ነው የተናገረች። ላቃናልሽ ልምጣ ብዬ መልሼ ብደውል፣ አሁን ጊዜ የለኝም፣ ደግሞ ጎብጦም ይሠራል አለችኝ።

በየግማሽ ሰዓቱ እየወረደች ወንፊቱን እያራገፈች፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየነዳች አረሰች፣ ዘራች። የመጨረሻውን ጥግ የጨረሰችው አንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ሌሊቱን የያዘ ዝናብ ሦስት ቀን አላባራም። ሰኞ ዕለት የጎረቤቷ ትልቅ ትራክተር ማሳው መካከል እስከ ሆዱ ሰምጦ ነበር።

መስከረም ላይ ሰሊጧ ታጭዶ በየቦታው ክምር ክምር ሆኖ ቆሞ አየሁት። ሽማግሌዎቹ መጥተው ማሳውን በእግራቸው ዞሩት። የካሳሁን ታላቅ ወንድምም አብሮ ነበር። ስለ መሬቱ ማንም አንድ ቃል አላነሣም። ሰውየው ሲሄድ ትራክተሩን ለሁለት ቀን ታውሽኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እኔ ልነዳልህ እመጣለሁ እንጂ አላውስም አለችው። ያን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ያን ዕለት፣ ማጠፊያውን ፈተን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ አያ እንዳለውን ይቅርታ ጠይቄአቸው ነበር።

"ዓይኔን ላሳክም ጎንደር የሄድኩት በከንቱ ነው ለካ" አሉኝ። "መሄድ የነበረብህ አንተ ነህ።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። የጋራዡን ቁልፍ እንድመልስ አልጠየቁኝም፣ በሌላ ጊዜም ያን ጥፋቴን አንሥተውብኝ አያውቁም። እንደሳቸው ያለ አለቃ ለሁላችሁም ይስጣችሁ።

አሁን አያ እንዳለው አርጅተው ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ጋራዡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑ ከሦስት ጊዜ በላይ ተቀይሯል፣ ከመኪናው ግን አልወረደም።

ሲስተር ሙሉነሽ ስሙን በሌላ የትራክተሩ ክፍል ልግጠምልሽ ብላት እምቢ አለች። ላሜራውን ወሰደችና ማሳው ላይ ወዳለው ጎጆዋ በሚያስገባው በር ላይ በሽቦ ሰቀለችው። በዚያ ሳልፍ ሁሉ አየዋለሁ። ቢጫው ቀለም ለቋል፣ ዳር ዳሩን ዝገት በልቶታል፣ ፊደላቱ ግን ከሩቅ ይነበባሉ። አላፊ አግዳሚው የባለቤቱን ስም ያነባል። እኔ የራሴን ጥፋት አነባለሁ፣ ቆብ አነሣለታለሁም።

እናንተም መከላከያ ከመግጠማችሁ በፊት ማሳው ድረስ ሂዱና ማሽኑ ሲሠራ ተቀምጣችሁ እዩ። የሚያጸዳው ሰው እጁን በየት እንደሚያስገባ ካላወቃችሁ፣ ገና አልለካችሁም።